ሴንሰርና ኮምፒውተር በኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ፦ ለተማሪው ምን ይቀረዋል?

ጥያቄ፦
የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦች፣ የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎችን አናሊቲካል ኬሚስትሪ በቤተ ሙከራ አስተምራለሁ። ዘንድሮ ከላፕቶፕ ጋር የሚገናኙ አራት የፒኤች (የአሲድነት መጠን) ሴንሰሮች ስላገኘን፣ 25 ሚሊ ሊትር የ0.1 ሞላር አሴቲክ አሲድ በ0.1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሲታይትር፣ ማለትም ይህ ቤዝ ጥቂት በጥቂት ሲጨመርበት፣ የሚወጣውን ኩርባ ተማሪዎቹ በስክሪን ይከታተላሉ። ሥራው በጣም ፈጥኗል፤ ነገር ግን ግራፉ 12.5 ሚሊ ሊትር አካባቢ ለምን ለጥ እንደሚል ስጠይቅ የሚመልሱልኝ ጥቂቶች ናቸው። ቀለሙን ወደሚቀይረው አመልካች ወደ ፌኖልፍታሊንና በእጅ ወደሚሳል ግራፍ ልመለስ ወይስ ሴንሰሩን በሌላ መንገድ ልጠቀምበት?

መልስ፣ ከአንድ መምህር፦
ሴንሰሩን አይተዉት። እንደ እኔ አስተያየት ችግሩ ተማሪዎቹ ምንም ሳይጠብቁ ስክሪኑ ፊት መቀመጣቸው ነው። እኔ ቤዙ የሚንጠባጠብበት የቢዩሬቱ ቧንቧ ከመከፈቱ በፊት እያንዳንዱ ተማሪ ኩርባውን በእርሳስ እንዲገምት፣ የአሲዱ ግማሽ በቤዙ ገለልተኛ ሲሆን ፒኤቹ 4.76 አካባቢ፣ አሲዱና ቤዙ እኩል ሲሆኑ ደግሞ ከ7 በላይ የሚሆነው ለምን እንደሆነ እንዲጽፍ አደርጋለሁ። ከዚያ በኋላ ማሽኑ የሚስለው ኩርባ ከግምቱ ሲለይ ጥያቄው ከተማሪው ራሱ ይመጣል። ፌኖልፍታሊንንም አይጣሉት፤ ሴንሰሩ ባለበት ብልቃጥ ውስጥ ይጨምሩት። ቀለሙ ከፒኤች 8.2 ጀምሮ ሲቀላ ግራፉ ቀጥ ብሎ እየወጣ መሆኑን ተማሪው በአንድ ጊዜ ያያል። በሁለተኛው ዙር በምትኩ ሜቲል ኦሬንጅ ቢጨምሩ ቀለሙ ከ3.1 እስከ 4.4 ባለው ውስጥ ስለሚቀየር ሥራው ገና ግማሽ ሳይደርስ ያልፋል፤ አመልካች መምረጥ ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

መልስ፣ ከአንድ የላብራቶሪ ቴክኒሺያን፦
በመምህሩ ሐሳብ እስማማለሁ፤ የእኔ ስጋት ግን መሣሪያው ራሱ ነው። ፈሳሹ ውስጥ የሚገባውን የሴንሰሩን ክፍል፣ ኤሌክትሮዱን፣ ዲስቲልድ ውኃ ውስጥ ማሳደር ያበላሸዋል፤ 3 ሞላር ፖታሺየም ክሎራይድ ውስጥ ይቀመጥ። በየክፍለ ጊዜው ተማሪዎቹ ራሳቸው ፒኤቻቸው 4፣ 7 እና 10 መሆኑ በታወቀ ፈሳሾች፣ በበፈሮች፣ ካሊብሬት ያድርጉት፣ ማለትም ንባቡን ያስተካክሉት፤ ሶፍትዌሩ የሚፈቅድ ከሆነም ፒኤቹን ብቻ ሳይሆን ሚሊ ቮልቱንም ያንብቡ። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ለአንድ ፒኤች ልዩነት 59 ሚሊ ቮልት ገደማ ሊያሳይ ይገባል፤ ከዚህ በእጅጉ ካነሰ ኤሌክትሮዱ አርጅቷል ወይም ቆሽሿል። የሙቀት ሴንሰር የምትጠቀሙ ደግሞ የፈላ ውኃን 100 ብላችሁ አትመዝግቡ፤ አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,300 ሜትር ስለሚያልፍ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በዚህ ምክንያት ደህና ሴንሰር ተበላሽቷል ተብሎ ሲጣል አይቻለሁ።

ከጠያቂው፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ግምቱን በእርሳስ የማስጻፉን ሥራ በሚቀጥለው ሳምንት እጀምራለሁ። ተማሪዎቹ አርባ፣ ሴንሰሮቹ አራት ስለሆኑ፣ አንዱ ቡድን ሴንሰሩን ሲጠቀም ሌላው ያንኑ ታይትሬሽን በአመልካች ብቻ ሠርቶ ውጤቱን ከጓደኞቹ ኩርባ ጋር እንዲያመሳክር አስቤአለሁ።

መልስ፣ ከዚያው መምህር፦
መልካም ነው። ሁለቱ ቡድኖች በሚሊ ሊትር የሚለያዩበትን መጠን ሪፖርታቸው ላይ ምክንያቱን ጨምረው እንዲያብራሩ ያድርጉ፤ ከነጥቡም ትልቁን ድርሻ ለዚያ ማብራሪያ ይስጡ።