የእስያ ጥበብ ካምፕ ለልጆች፦ በሁለት ሳምንት ምን ያህል ማስተማር ይቻላል?

ጥያቄ

የተከበራችሁ ወላጆችና መምህራን፤ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ በሚገኝ አንድ የማኅበረሰብ ማዕከል በፈቃደኝነት አገለግላለሁ። በመጪው ሐምሌ ወላጆቻቸው የሰመር ካምፕ ክፍያ ለማይችሉ፣ ዕድሜያቸው ከ8 እስከ 12 ዓመት ለሆነ 24 ልጆች፣ የእስያን ባህላዊ ጥበቦች የሚያስተዋውቅ የሁለት ሳምንት ካምፕ በነጻ ለማካሄድ አስበናል። ግማሽ ያህሉ የእኛው ልጆች ሲሆኑ የቀሩት በአብዛኛው ከኤል ሳልቫዶር የመጡ ቤተሰቦች ልጆች ናቸው። ረቂቅ መርሐ ግብራችን ሰኞ የቻይና ጽሕፈት፣ ማክሰኞ የጃፓን ወረቀት ማጠፍ፣ ረቡዕ የጃቫ የጥላ አሻንጉሊት፣ ሐሙስ የሕንድ የደጃፍ ሥዕል እያለ የሚቀጥል ነው፤ እኔ ግን ልጆቹ የሁሉንም ስም ብቻ ይዘው ወደ ቤታቸው እንዳይመለሱ እሰጋለሁ። በተጨማሪም ሁለት እናቶች «የራሳቸውን ሳያውቁ የሌላውን ለምን?» ብለው ጠይቀውኛል፤ አንድ አባት ደግሞ ልጃቸው የጣዖት ሥዕል እንዲሥል እንደማይፈቅዱ ነግረውኛል። ምክራችሁን በትሕትና እጠይቃለሁ።

የሥዕል መምህር

ስጋትዎ ትክክል ነው። ከዚህ ቀደም በየቀኑ አገር በሚቀያየርበት አንድ ካምፕ አስተምሬ ነበር፤ ልጆቹ አዲስ መሣሪያ ለመልመድ ሲታገሉ ቀኑ ያልቅ ስለነበር፣ በመጨረሻው ዓርብ ብቻቸውን ደግመው ሊሠሩት የሚችሉት አንድም ነገር አልነበራቸውም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሳምንት በሙሉ ለቀለምና ለብሩሽ ይስጡት። የቻይናና የጃፓን ጸሐፊዎች ቀለም ከጥድ እንጨት ወይም ከዘይት ኩራዝ የተሰበሰበ ጥላሸት በእንስሳት ሙጫ ተለውሶ በዘንግ መልክ የደረቀ ነው፤ ልጁ በድንጋይ ገበታ ላይ በጥቂት ውሃ እየፈጨ ራሱ ያዘጋጀዋል። በዚያ ፍጭት ጊዜ በጣም የሚቁነጠነጠው ልጅ እንኳ ሲረጋ አይቻለሁ። ቀጥሎ «ዘላለም» የሚል ፍቺ ያለውን የቻይና ፊደል ያስተምሩ፤ በዚህ አንድ ፊደል ውስጥ ስምንቱ መሠረታዊ የብሩሽ ጭረቶች ስለሚገኙ ከጥንት ጀምሮ ለጀማሪዎች ማሠልጠኛ ሆኖ ቆይቷል። ልምምዱ በአሮጌ ጋዜጣ ላይ ይሁን፤ ጥሩው ወረቀት ለዓርብ ይቆይ።

ከሁሉ አጥብቄ የምለምንዎ ግን፣ ጽሕፈቱን ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁ ሰው ፈልገው፣ የድካም ዋጋቸውን በበጀት ይዘው እንዲጋብዙ ነው። ከቪዲዮ የተማረ ፈቃደኛ የብሩሹን አያያዝ ማሳየት ቢችልም ልጆቹ «ለምን እንዲህ ሆነ?» ብለው ሲጠይቁት የሚመልሰው አይኖረውም።

የሁለት ልጆች እናት

ልጄ ፊደል ሳትለይ የሌላ አገር ጽሕፈት ስትጽፍ ማየት ቅር እንደሚያሰኝ አውቃለሁ፤ እነዚያን እናቶች አልወቅስም። ነገር ግን አያቴ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። ጥላሸት ከተቆላ እህልና ከቅጠል ጋር ለወራት ሲያብላሉ፣ የመቃ ብዕር ሲቀርጹ እያየሁ ስላደግሁ፣ መምህሩ የገለጹት ቀለም ለእኔ ባዕድ አልሆነብኝም። አንድ ቀን የመቃ ብዕር ከብሩሹ አጠገብ ቢቀመጥና ልጆቹ ሁሉ፣ የሳልቫዶሮቹም ጭምር፣ በሁለቱም ቢጽፉ የእናቶቹ ጥያቄ እዚያው ይመለሳል ብዬ አምናለሁ።

ሕንድ የተማርኩ

ለሁለተኛው ሳምንት አንድ ሐሳብ አለኝ። በሕንድ አህመዳባድ ከተማ በ1573 እ.ኤ.አ. የተሠራው የሲዲ ሰይድ መስጊድ እንደ ዳንቴል በተፈለፈሉ የድንጋይ መስኮቶቹ የታወቀ ነው፤ በአንዱ መስኮት ላይ እርስ በርሳቸው የተጠላለፉ የዛፍ ቅርንጫፎች መስኮቱን በሙሉ ይሞሉታል። ያሠራው ሲዲ ሰይድ «ሐበሺ» ተብለው ከሚጠሩት፣ ከእኛ አካባቢ በባሪያ ንግድም በሌላ መንገድም ሄደው በሕንድ ለወታደርነትና ለሹመት ከበቁት ሰዎች ወገን ነበር። የባሪያ ንግዱ ለልጆች ሲነገር በጥንቃቄ ይሁን እንጂ መደበቅ የለበትም። ልጆቹ ጥቁር ወረቀት አጥፈው በመቀስ ዛፉን ይቁረጡ፤ ከዚያም በመስኮት መስታወት ላይ ተለጥፎ ብርሃን ሲያልፍበት ይዩት። ሥራው የሰውም የእንስሳም ምስል ስለሌለበት የአባትየውን ስጋት ጭምር ያቃልላል።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ረቂቁን ሰርዘን አንዱን ሳምንት ለቀለም፣ ሌላውን ለመስኮቱ ሰጥተናል። በመጨረሻው ማለዳ ወላጆች ባሉበት የደቡብ ሕንዷ ታሚል ናዱ ግዛት ሴቶች በየማለዳው በሩዝ ዱቄት ደጃፋቸው ላይ የሚሥሉትን ኮላም በግቢው አስፋልት ላይ እንሠራለን፤ ነጠብጣቦቹን ደርድሮ መስመር ማዞር ብቻ ስለሆነ እናቶችም ከልጆቻቸው ጋር ሊሠሩት ይችላሉ። በዋሽንግተን ወደሚገኘው ብሔራዊ የእስያ ጥበብ ሙዚየም መግቢያው ነጻ ስለሆነ አንድ ቀን በሜትሮ እንወስዳቸዋለን፤ የቡድሃ ሐውልቶች መኖራቸውን ግን ለወላጆች አስቀድመን በደብዳቤ እናሳውቃለን፤ ያልፈቀዱ ወላጆች ልጆች ከአንድ ረዳት ጋር የሸክላ ሥራዎቹን ይጎበኛሉ።

በማዕከላችን ማታ ማታ እንግሊዝኛ የሚማሩ አንዲት ቻይናዊት አዛውንት በአገራቸው የጽሕፈት መምህርት እንደነበሩ ሰምቻለሁና ዛሬ አነጋግራቸዋለሁ። የሁለት ልጆች እናት፣ እርስዎም አንድ ማለዳ መጥተው የመቃ ብዕር አቀራረጹን ቢያሳዩልን የድካም ዋጋዎ በበጀቱ ተይዟል።