ለእናትዎ ኤች ኤም ኦ ወይስ ፒ ፒ ኦ?

ውድ እህታችን፣ እናትዎ 65 ዓመት ሊሞላቸው ስለሆነ ከሜዲኬር አድቫንቴጅ ፕላኖች፣ ማለትም ሜዲኬርን (የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን) በግል ኩባንያ በኩል ከሚሰጡት፣ ኤች ኤም ኦ ወይስ ፒ ፒ ኦ የተባለው ዓይነት እንደሚሻላቸው ጠይቀዋል። ለእናቴ ሁለቱንም ስላየኋቸው የማውቀውን ልጻፍልዎት።

ኤች ኤም ኦ ታካሚውን ከተወሰኑ ሐኪሞችና ሆስፒታሎች፣ ማለትም ከኔትወርኩ ጋር ያስራል። አንድ የቤተሰብ ሐኪም ይኖራቸዋል፤ ወደ ልብ ወይም ወደ ኩላሊት ሐኪም ለመሄድም አብዛኛውን ጊዜ የእሱ ሪፈራል (የመላኪያ ወረቀት) ያስፈልጋል። ከድንገተኛ ሕመም፣ ከአካባቢያቸው ርቀው ሳሉ ከሚገጥማቸው አስቸኳይ ሕክምናና ከዲያሊስስ (የኩላሊት እጥበት) በቀር፣ ከኔትወርኩ ውጪ ከታከሙ ሒሳቡ በአብዛኛው በራሳቸው ላይ ይወድቃል። ፒ ፒ ኦ ሪፈራል አይጠይቅም፤ ከኔትወርኩ ውጪ ላለ ሐኪምም ይከፍላል፣ ታካሚው ግን የበለጠ ያወጣል። ያም ሆኖ ከኔትወርኩ ውጪ ያለ ሐኪም፣ ድንገተኛ ካልሆነ በስተቀር፣ አልቀበልም ማለት እንደሚችል ብዙ ሰው አይነገረውም።

እናቴን ኤች ኤም ኦ ያስመዘገብኳት ወርሃዊ ክፍያው ዜሮ ነው ስለተባልኩ ብቻ ነበር። ዜሮ ቢባልም የፓርት ቢ፣ ማለትም የሐኪምና የተመላላሽ ሕክምናን የሚሸፍነው የሜዲኬር ክፍል፣ ክፍያ አይቀርም፤ መደበኛው በ2026 በወር 202.90 ዶላር ነው። በሁለተኛው ወር ለዓመታት ወደተከታተላት የኩላሊት ሐኪም ስንሄድ፣ እንግዳ መቀበያው ላይ አዲሱን ካርዷን አይተው መለሱልን። ካርዱን በእጇ እንደያዘች «ልጄ፣ ምን አጠፋሁ?» ብላ የጠየቀችኝን አልረሳውም። ጥፋቱ ሐኪሙ በዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን ሳላጣራ የፈረምኩት የእኔ ነበር። አድቫንቴጅ ውስጥ ያለ ሰው ከጃንዋሪ 1 እስከ ማርች 31 አንድ ጊዜ ፕላን መቀየር ስለሚፈቀድለት ወደ ፒ ፒ ኦ አዛወርኳት።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ኦክቶበር 15 የምዝገባው ጊዜ ሲከፈት የመድኃኒት ከረጢቷን ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ እንዘረግፋለን፤ የእያንዳንዱን ስምና ሚሊግራም ጽፈን ከፕላኑ የመድኃኒት ዝርዝር ጋር እናመሳክራለን። ሐኪሞቿ ቢሮም እንደውላለን፤ አንድ ኩባንያ ብዙ ፕላን ስለሚኖረው የኩባንያውን ሳይሆን የፕላኑን ሙሉ ስም ጠቅሰን እንጠይቃለን።

ይህን ስል ኤች ኤም ኦ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። እናትዎ ከእርስዎ ጋር ብቻ የሚኖሩ ከሆነና የሚያምኑት ሐኪም በኔትወርኩ ውስጥ ካለ፣ ሁሉንም ሕክምናቸውን አንድ ሰው መከታተሉ ለስኳርና ለደም ግፊት ሕመምተኛ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን ብዙዎቹ እናቶቻችን እንደሚያደርጉት ክረምቱን ቨርጂኒያ ካለችው ልጃቸው፣ በጋውን ሲያትል ካለው ልጃቸው ዘንድ የሚያሳልፉ ከሆነ ፒ ፒ ኦን እመርጣለሁ። አዲስ አበባ ሄደው ከሰነበቱ ደግሞ ሁለቱም ብዙ አይረዷቸውም፤ ሜዲኬር በመሠረቱ በውጭ አገር አይከፍልም፣ አንዳንድ ፕላኖች የሚሸፍኑት ድንገተኛ ሕክምናን ብቻ ነው፤ ከፕላኑ አካባቢ ከስድስት ወር በላይ ከራቁም ብዙውን ጊዜ ከፕላኑ ይሰረዛሉ።

ከመፈረምዎ በፊት በመንግሥት በኩል የሚሰጠውን መደበኛውን ሜዲኬር ከሜዲጋፕ (ሜዲኬር የማይከፍለውን ድርሻ ከሚሸፍን የግል ተጨማሪ መድን) ጋር መያዝንም ያስቡበት። 65 ዓመት ሞልቷቸው ፓርት ቢ ከጀመረላቸው ወር አንስቶ ባሉት ስድስት ወራት የሜዲጋፕ ኩባንያ በሕመማቸው ምክንያት ሊከለክላቸው አይችልም፤ ያ ጊዜ ካለፈ ግን በአብዛኞቹ ስቴቶች ሊከለክላቸው ይችላል። ወርሃዊ ክፍያው ከፍ ይላል፣ ሆኖም ሜዲኬርን የሚቀበል ሐኪም ሁሉ ይከፈትላቸዋል። በአድቫንቴጅ በኩል ደግሞ በኔትወርክ ውስጥ ከኪስ የሚወጣው የዓመቱ ጣሪያ በ2026 ከ9,250 ዶላር አይበልጥም፤ ብዙ ፕላኖች ከዚህ ያነሰ ስላላቸው ይህንን ቁጥር ሳይጠይቁ አይፈርሙ። ሜዲኬይድም (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጥ የመንግሥት መድን) ካላቸው፣ ሁለቱም ላላቸው ሰዎች ተብሎ የተዘጋጀ ልዩ ፕላን አለ።

ኮሚሽን የማያገኝ አማካሪ ከፈለጉ በየስቴቱ ሺፕ የሚባለው ነጻ የምክር አገልግሎት አለ። ወደ ሜዲኬር በ1-800-633-4227 ሲደውሉ «አማርኛ» ብለው አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ያለ እሳቸው ፈቃድ ስለ ጉዳያቸው አያነጋግሩዎትምና እናትዎ አጠገብዎ ይሁኑ።