ለዚህ ልጅ ምን ብዬ ልመልስለት?

ሰላም ወገኖች፣ በቤተ ክርስቲያናችን የልጆች አገልግሎት ውስጥ አስተምራለሁ። እባካችሁ እርዱኝ፣ ጨንቆኛል።

ማርቆስ ምዕራፍ 5 ላይ ያለውን የኢያኢሮስን ልጅ ታሪክ እየተማርን ነበር። ኢየሱስ የሞተችውን የ12 ዓመት ልጅ እጇን ይዞ እንዳስነሳት ስናገር፣ ከልጆቹ አንዱ እጁን አወጣና “እኔም ለእማዬ ጸልዬ ነበር፣ ግን ሞተች። እምነቴ ትንሽ ስለሆነ ነው?” አለኝ። እናቱ ያረፈችው በቅርቡ ነው። በእሱ እምነት ማነስ እንዳልሆነ ወዲያው ነገርኩት፤ እዚህ ላይ ጥርጥር የለኝም። “ታዲያ ለምን?” ሲለኝ ግን ቃል አጣሁ።

አብረውኝ የሚያገለግሉ አንዳንዶች “አላውቅም” ማለት የልጆችን እምነት ያናጋል፣ አስተማሪ መልስ ሊኖረው ይገባል ይላሉ። እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ማቴዎስ 18 ላይ ደቀ መዛሙርቱ ማን እንደሚበልጥ ሲጠይቁ ጌታ ሕፃን ጠርቶ በመካከላቸው አቆመና እንደዚህ ልጅ ራሳቸውን ዝቅ እንዲያደርጉ ነገራቸው እንጂ ሁሉን አዋቂ ሁኑ አላላቸውም። ጳውሎስም “የሥጋዬ መውጊያ” ያለው ሥቃይ እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለምኖ ያገኘው መልስ “ጸጋዬ ይበቃሃል” የሚል ነው፣ እምነት ጎድሎት ነው የሚል ደግሞ የለም። ይህን ለስምንት ዓመት ልጅ እንዴት ላስረዳው? ወዳጁ አልዓዛር ሲሞት ኢየሱስ ማልቀሱን ብነግረውስ? ወይስ አልዓዛር መጨረሻ ላይ ከሞት ስለተነሳ ቁስሉን ይበልጥ እነካበታለሁ?

በልጅነታችሁ እናት ወይም አባት ያጣችሁ ካላችሁ፣ ያኔ ምን ብትባሉ ይጠቅማችሁ ነበር? አባቱንስ ቀድሜ ላናግር?