የራሴን መኪና ሊሸጥልኝ የሚደራደር አጭበርባሪ አገኘሁ፤ ምን ላድርገው?

የሰሚቱ ቪትዝ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ምክር ፈልጌ ነው። ግን መጀመሪያ ታሪኩን ስሙልኝ።

የ2004 ሞዴል ቪትዝ አለችኝ። ብርማ፣ ኮድ 2። ባለፈው ዓመት ብር ቸግሮኝ ልሸጣት ብዬ ስድስት ፎቶ አነሳሁና ቴሌግራም ላይ ለጠፍኩ። በኋላ ነገሩ ሲቀልልኝ ሐሳቤን ቀይሬ ማስታወቂያውን አጠፋሁት። ፎቶዎቹ ግን አልጠፉም ለካ።

ማክሰኞ ማታ የሚስቴ ወንድም አንድ ሊንክ ላከልኝ። «ቪትዝ በ650 ሺህ! እስቲ እያት» ይላል። በዛሬ ገበያ ቪትዝ ከሚሊዮን በታች ማን ይሰጣል? ከፈትኩት። መጀመሪያ ያየሁት ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ነው። የኔ በር ነው። ቀጥዬ የኋላ ግራ መብራቷን አየሁ። ባጃጅ ገጭቶኝ የተሰነጠቀውን በቀይ ፕላስተር ለጥፌዋለሁ። የኋላ መስታወቱ ላይ ልጄ የለጠፈቻት ቢራቢሮ አለች፣ አንድ ክንፏ የተላጠ። ሰውዬው የሸፈነው ሰሌዳዋን ብቻ ነው። ተነስቼ በመስኮት ወደ ግቢ አየሁ። መኪናዬ ቆማለች።

ጻፍኩለት። አላስጠበቀኝም። ኢንጂነር ነኝ አለ። ቪዛው ወጥቶ በአሥር ቀን ውስጥ ከአገር ሊወጣ ነው፤ በርካሽ የሚሸጠው ለዚህ ነው። መኪናዋ አዳማ ወንድሙ ጋ ነች። ደላላ አይወድም። ስድስት ሰው እየተሻማባት ነው፤ 30 ሺህ ብር ቀብድ ከላክሁ ግን ለኔ ይይዝልኛል። «ድምፅህ ሲሰማ ቅን ሰው እንደሆንክ ያስታውቃል» አለኝ። በጽሑፍ ነው እኮ የምናወራው።

ከዚያ ፈተና ጀመርኩ።

«የኋላ ግራ መብራቷ ደህና ነው?»
«ኦሪጅናል። ጭረት የለበትም።»
«ፎቶው ላይ ቀይ ነገር የማየው ምንድነው?»
«ፀሐይ ነው ወንድሜ። አዳማ ፀሐይ ከባድ ነው።»

አፌን በትራስ አፍኜ ሳቅሁ። ቪዲዮ ላክልኝ አልኩት፤ የወንድሙ ስልክ ካሜራው ተበላሽቷል። ሊብሬ አልኩት፤ ላከ። ሊብሬው ላይ የተጻፈው ኮሮላ ነው። «ኮሮላ ይላል እኮ» ስለው «መንገድ ትራንስፖርት ሲሳሳቱ ነው፣ እየተስተካከለ ነው» አለኝ። ምንም አልደነገጠም።

ብር የምልክበትን ቁጥር ሰጠኝ። ቴሌብር ላይ ሳስገባው የሴት ስም ወጣ። ማን ናት ስለው «ባለቤቴ»። በነጋታው መልሼ ስጠይቀው «እህቴ» ሆነች።

ከረቡዕ ጀምሮ እኔ ባንክ ነኝ። ቤቴ ሶፋ ላይ ተጋድሜ ማለት ነው። «ሲስተም የለም» እለዋለሁ። ከሰዓት «ሲስተሙ መጣ፣ መብራት ጠፋ»። ሐሙስ «ተራዬ ደርሶ ገንዘብ ተቀባይዋ ምሳ ወጣች»። በየሰዓቱ «አሁንስ መጣ ሲስተሙ?» ይለኛል። ዛሬ ዓርብ ገና ጠዋት 12 ሰዓት ላይ «እንደምን አደርክ ወንድሜ፣ ዛሬ በጊዜ ብትሄድ ሰልፉ ይሻልሃል» ብሎ ጻፈልኝ። ሳስበው እናቴም እንዲህ አልተጨነቀችልኝም።

አሁን ጥያቄዬ። መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ሰልፊ ልልክለት እጄን እየበላኝ ነው። ሚስቴ ፖሊስ ጋ ሂድ ትላለች። ወንድሟ ደግሞ «የባንክ ማስከፈቻ 5 ሺህ ላክልኝ በለውና ራሱን ብላው» ይላል። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ደላላው ነኝ፦
ሃሃሃ፣ «ፀሐይ ነው» ገደለኝ።

አዎ ደላላ ነኝ፣ ስድባችሁን ቀድማችሁ ጨርሱ። «ከደላላ ነፃ» የሚል ስታዩ ትሮጣላችሁ። እሺ፣ እኛ ኮሚሽን እንበላለን። ግን ቢያንስ መኪናዋን ታያለህ። መኪና የሚገዛው በዓይንና በጣት ነው። ሻንሲ ቁጥሩን ጎንበስ ብለህ ከሊብሬው ጋር ታስተያያለህ። ቁጥሩ ዙሪያ ብየዳ ወይም አዲስ ቀለም ካለ እጅህን አውጣ። ፋይሏ ያለበት መንገድ ትራንስፖርት ሄደህ ዕዳ ወይም እግድ እንደሌለባት ታጣራለህ፤ በባንክ ብድር ተይዛ የምትሸጥ ሞልታለች። ዋናው ብር የሚወጣው ውልና ማስረጃ ስትፈራረሙ ነው። ከዚያ በፊት ቀብድ የምትሰጥ ከሆነ መኪናዋ ፊትህ ቆማ፣ መታወቂያ አይተህ፣ በጽሑፍ፣ ምስክር ይዘህ ነው። ሶፋ ላይ ሆነህ አይደለም!

ሰልፊውን ላከው። እኔ ብሆን ሐሙስን አላልፍም ነበር።

ስልክ ሠሪው፦
እንዳትልክ! ቴሌግራም ላይ እሱ ቻቱን ካጠፋው ካንተም ስልክ ላይ ነው የሚጠፋው። ሳቅህን ሳትጨርስ «ሲስተም የለም» ያልካቸው ሁሉ ድምጥማጣቸው ይጠፋል።

መጀመሪያ ሁሉንም ስክሪንሾት አንሳ፤ ስሙና ሰዓቱ እንዲታይ አድርገህ። ዋና ዋናዎቹን ደግሞ ለራስህ ሴቭድ ሜሴጅስ ላይ ፎርዋርድ አድርግ። እሱ የላከውን ቢያጠፋም ያ ቅጂ ይቀርልሃል። ኮምፒውተር ካለህ በዴስክቶፑ ቴሌግራም ቻቱን በሙሉ ኤክስፖርት አድርገው። የተጠቃሚ ስሙን በአንድ ደቂቃ መቀየር ይችላል፤ ከጀርባ ያለው መለያ ቁጥር ግን አይቀየርም።

ከዚያ በኋላ ሰልፊ ላክ፣ ከፈለግህ ቢራቢሮዋንም ላክለት።

ሰናይት፦
እኔን «ዶክተር» ነበር ያለኝ። መኪናዋም ሐዋሳ ነበረች። ሌላው ሁሉ ቃል በቃል አንድ ነው፣ «ድምፅህ ቅን ነው» የምትለዋ ሳትቀር።

25 ሺህ ላክሁ። ዕቁብ የደረሰኝ ብር ነበር። ልኬ ገና ስልኩን ሳላስቀምጥ «የትራንስፖርት 8 ሺህ ጨምሪ» ሲለኝ ነው የገባኝ። ለባሌ እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።

እባክህ ሰልፊውን ከመላክህ በፊት ማስታወቂያው ሥር «አለ?» እያሉ የጻፉ ሰዎች ካሉ በውስጥ መስመር ንገርልኝ። እኔን የነገረኝ የለም።

ጠበቃ፦
ስለ ሚስትህ ወንድም ሐሳብ ልናገር። «5 ሺህ አስልክበት» ያለው ይቅርባችሁ። አታላይን አታልሎ ብር መውሰድም ማታለል ነው። ነገ እሱ ከሳሽ፣ አንተ ተከሳሽ ትሆናላችሁ፤ ማስረጃውንም በገዛ እጅህ ነው የጻፍከው።

የሱ ጥፋት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 «አታላይነት» ይባላል። እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ሊያደርስ ይችላል። ብር ስላልላክህ ወንጀል የለም ማለት አይደለም፣ ሙከራም ያስጠይቃል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ም አለ። ስለዚህ «ምን ተወሰደብህ?» ቢሉህ እንዳትመለስ።

የሴትዮዋን ስም ግን እዚህም ሌላ ቦታም እንዳትለጥፍ። ሲም ካርዱ በሷ ስም ይውጣ እንጂ ስለ ነገሩ ጭራሽ የማታውቅ ልትሆን ትችላለች። ሊብሬውም ምናልባት የሌላ ተበዳይ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሳቅ ስላማረኝ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1885 ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል ይላል። 30 ሺህ ብትልክ 60 ሺህ ሊመልስልህ ነበር። አዳማ ሄደህ ኢንጂነሩን ካገኘኸው።

ከሜሪላንድ፦
እዚህም አለላችሁ። ካምሪዬን በ6,800 ዶላር ልሸጥ አውጥቼ አንዱ መኪናዋን ሳያያት ተስማማ። የባንክ ቼክ በፖስታ ላከ። ስከፍተው 9,300 ይላል። «ትርፉን 2,500 ለሚያጓጉዝልኝ ሰው ላክልኝ» አለኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ቼኩን ስታስገባው ብሩ በአንድ ሁለት ቀን ሒሳብህ ላይ ይታያል። አንተ ደስ ብሎህ 2,500ውን ትልካለህ። ከሳምንታት በኋላ ቼኩ ሐሰት ነው ተብሎ ባንኩ ሙሉውን ካንተ ሒሳብ ላይ ያነሳል። የላክኸው ግን የራስህ ብር ነበር።

እኔ ቼኩ ላይ ባለው ስልክ አልደወልኩም፤ እሱም የነሱ ሊሆን ይችላል። የባንኩን ቁጥር ራሴ ፈልጌ ደወልኩ። ቼኩ የለም አሉኝ። ለሰውዬው «እንዴት ያለ ዕድል ነው፣ እኔ እኮ እዚሁ ባንክ ነው የምሠራው፣ ነገ ለአለቃዬ በእጄ እሰጥልሃለሁ» ብዬ ጻፍኩለት። የምሠራው ፓርኪንግ ነው። ሁለተኛ ድምፁ አልተሰማም።

የሰሚቱ ቪትዝ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ቅዳሜና እሑድን እንዲህ አሳለፍኩ።

ስልክ ሠሪው እንዳለው መጀመሪያ ሁሉንም አስቀመጥኩ። 74 ስክሪንሾት ሆነ። እውነቱን ለመናገር ግማሹ «ሲስተም» የሚል ነው።

ከዚያ የሰናይትን አደረግሁ። ማስታወቂያው ሥር አራት ሰው «አለ?» ብሎ ነበር። ለአራቱም ጻፍኩ። ሁለቱ መልስ አልሰጡም። አንዱ «አንተ ደግሞ ለራስህ ልታስቀራት ነው» ብሎ ሰደበኝ። አራተኛው የራይድ ሹፌር ነው፤ ብሩን ከወንድሙ ተበድሮ ሊልክ ተዘጋጅቷል። አላምንህም አለኝ። ጫማዬን ሳላደርግ ግቢ ወጥቼ በቪዲዮ ደወልኩለትና መብራቷን አሳየሁት፣ ቢራቢሮዋንም። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ «በእናትህ፣ ፕላስተሩን በጣትህ ንካው» አለኝ። ነካሁለት። «ይኸው ልልክ ስል ነው የደወልከው» አለኝ።

ለቻናሉ አስተዳዳሪም ከዚያው ከድሮው አቅጣጫ አዲስ ፎቶ አንስቼ ላክሁ፤ የዛሬ ልብስ ገመዱ ላይ ተሰጥቶ ይታያል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ማስታወቂያው ተነሳ።

ፖሊስ ጣቢያ ዛሬ ጠዋት ሄድኩ። መርማሪው «ስንት ብር ተበላህ?» አለኝ። «ምንም» አልኩት። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። አንቀጽ 692 ሙከራም ያስጠይቃል ስለው መልሶ አነሳው። ጠበቃ ሆይ፣ ዕድሜ ይስጥህ። ቃሌን ተቀበለኝ፣ ስክሪንሾቶቹን አሳትመህ አምጣ አለኝ። 74 ገጽ። ማተሚያ ቤቱ ልጅ እያተመ እያነበበ ስለሚስቅ ከኋላዬ የቆሙት ሰዎች ሰልፉ አልንቀሳቀስ አላቸው።

ሰልፊውን አልላክሁም። መርማሪው ለጊዜው አትንካው፣ እንዳይሸሽ አለኝ። ስለዚህ አሁንም ባንክ ነኝ፣ አሁንም ሲስተም የለም። ማስታወቂያው እንደተነሳበት ሳይጨንቀው አልቀረም፣ ምክንያቱም አሁን ማታ ይሄን ጻፈልኝ፦ «ወንድሜ፣ ላንተ ስል 580 አድርጌልሃለሁ። ቀብዱም 10 ሺህ ይበቃል።»

ለሚስቴ አነበብኩላት። ሽሮዋን እያማሰለች ቀና አላለችም። «በዚህ ዋጋማ እንግዛት እንጂ» አለች። «መብራቷን ግን ያሠራልን።»