ቁንጣሪ ቤሪሊየም የቀለጠ አሉሚኒየም ላይ ምን ይሠራል?

ጭልፋ ያዥ
ሰላም ለሁላችሁ። አሉሚኒየም ማቅለጥ ከጀመርኩ ስድስት ዓመቴ ነው። ንጹሑ አስቸግሮኝ አያውቅም። ላዩን በጭልፋ ገለል ሳደርገው መስታወት ይመስላል፣ ወዲያው ስስ ቆዳ ይለብሳል፣ በቃ። ሰሞኑን ግን 5 በመቶ ማግኒዥየም ያለው ቅይጥ መጣብኝ። በ760 ዲግሪ አንድ ሰዓት ተኩል አቆየሁት። መጀመሪያ ግራጫ ሆነ፣ ከዚያ ጠቆረ፣ መጨረሻ ላይ የአበባ ጎመን የመሰለ ነገር ከላዩ ተቆለለ። ናሙናው ሲመረመር ማግኒዥየሙ 4.4 ሆኖ ተገኘ። የሥራ ባልደረባዬ «ቁንጣሪ ቤሪሊየም ጣል አድርግበት፣ 0.002 በመቶ ይበቃል» አለኝ። ሳቄ መጣ። ከ100 ኪሎ ውስጥ 2 ግራም እኮ ነው! እሷ ምን ታደርጋለች?

እቶን ዳር
ባልደረባህ ልክ ነው። ቤሪሊየሟ ሥራዋን የምትሠራው ቆዳው ላይ ነው፤ ቆዳው ደግሞ በጣም ስስ ስለሆነ ለእሱ 2 ግራም ብዙ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሉሚኒየም ኦክሳይድ ከተበላው አሉሚኒየም 1.28 እጥፍ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ላዩን ግጥም አድርጎ ይሸፍናል። የማግኒዥየም ኦክሳይድ ግን 0.81 ብቻ ነው። ቦታውን አይሞላም፣ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ አየር ይገባል፣ ማግኒዥየሙም ይወጣል። ቆይቶ ስፒኔል የሚባለው የሁለቱ ኦክሳይድ ይፈጠራል፤ ያንተ የአበባ ጎመን የዚህ ውጤት ነው። ቤሪሊየም ኦክሲጅን በጣም ስለሚወድ ገና ከጅምሩ ቆዳው ውስጥ ይገባል፣ ኦክሳይዱም 1.7 አካባቢ ስለሆነ ክፍተቱን ይደፍናል።

ቀዝቃዛ አየር
እቶን ዳር፣ አንድ ነገር አልገባኝም። የካልሲየም ኦክሳይድ 0.64 ነው፣ ከማግኒዥየሙም የባሰ። ታዲያ የማግኒዥየም ቅይጥ ላይ 1 በመቶ ገደማ ካልሲየም ሲጨመር እሳት የሚይዝበት ሙቀት ከ100 ዲግሪ በላይ ከፍ ሊል ይችላል። በአንተ ሒሳብ ከሆነ መባስ ነበረበት።

እቶን ዳር
ጎሽ፣ ያዝከኝ። ቁጥሩ ብቻውን ሁሉንም አይናገርም። እዚያ የሚፈጠረው ካልሲየምና ማግኒዥየም ኦክሳይድ ተደባልቀው ነው፣ ድብልቁም ከእያንዳንዱ ይልቅ ጥቅጥቅ ይላል። ግን «ካልሲየም ጥሩ ነው» ብለህ አሉሚኒየም ላይ እንዳትደፋው። ሶዲየምና ሊቲየምም እዚያ ኦክሳይዱን ያባብሳሉ። አንዱን ቅልጥ የጠቀመ ሌላውን ይጎዳል። ለምሳሌ ቤሪሊየም ማግኒዥየም ላይ ሲበዛ፣ ቅልጡ ሲረጋ የሚፈጠሩትን ክሪስታል ቅንጣቶች ያተልቃል፤ ዚርኮኒየም ያለበት ቅይጥ ላይማ ጭራሽ አይሞከርም።

አሮጌ ቀላጭ
ልጆች፣ ሳይንሱን ተዉትና ሳንባችሁን ስሙ። የቤሪሊየም አቧራ የማይድን የሳንባ በሽታ ያመጣል። አደጋው እዚያች 2 ግራም ላይ ሳይሆን ቆዳውን ጠርጋችሁ ስታወጡት ነው፤ ቤሪሊየሙ እዚያ ተሰብስቦ ይቆያችኋል። ያወጣችሁትን ቆሻሻ በደረቁ አትፍጩት፣ አትጥረጉት። ንጹሕ ቤሪሊየም በእጃችሁ አታስገቡ። 5 በመቶ ቤሪሊየም ያለው ማስተር አሎይ (ቀድሞ የተዘጋጀ ቅይጥ) አለ፣ ለ100 ኪሎ 40 ግራሙ ያንን 2 ግራም ይሰጣል። ለብየዳ ሽቦ የሚውል ከሆነ ይቅርባችሁ፤ እዚያ ከ0.0003 በመቶ በላይ አይፈቀድም።

ጭልፋ ያዥ፣ ለመሆኑ 760 ምን ልትሠራ ነው የወጣኸው? አሉሚኒየም በ660 ይቀልጣል፣ ያንተማ ቅይጥ ከዚያም በታች። ሙቀቱን ቀንስ። ማግኒዥየሙን መጨረሻ ላይ ጨምር፣ እንዳይንሳፈፍ ወደ ውስጥ አስጥመው። ቆዳውን እየቀደድክ አታማስል። በቀደድከው ቁጥር እንደ አዲስ ይጀምራል።

ጭልፋ ያዥ
ጋሼ፣ የተቆጡበት ልክ ነበር፣ ቴርሞሜትሬን ሳላምነው ነው የቆየሁት። ትናንት በ710 ሠራሁት። ማግኒዥየሙን በሽቦ ወንፊት ይዤ ወደ ታች አጠመቅሁት፣ ሳላማስል ከ20 ደቂቃ በኋላ ቀዳሁት። ቆዳው ግራጫ ብቻ ሆኖ ቀረ። ናሙናው 4.8 አለ። ቤሪሊየሙን ገና አላዘዝኩም።