ዲያቆናት በሽማግሌዎች ስብሰባ ድምፅ ይኑራቸው?

አርቃቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያናችንን መተዳደሪያ ደንብ ስናረቅ የዲያቆናት አንቀጽ ላይ ተጣብቀናል። ከፊሉ ሰው ከሽማግሌዎች ጋር እኩል ድምፅ ይስጡ ይላል። ከፊሉ ደግሞ ሥራቸው ወንበር መደርደርና መባ መሰብሰብ ነው ባይ ነው። ድንበሩ የት ነው? ምን ቢጻፍ ኋላ ከጭቅጭቅ ያድናል?

ጭምት፦
ሁለቱም ወገን ስቷል። 1ኛ ጢሞቴዎስ 3 ላይ ለኤጲስ ቆጶስ (በእናንተ አጠራር ለሽማግሌ) እና ለዲያቆን የተጠየቀው ጠባይ ይቀራረባል፤ ለማስተማር መብቃት ግን የተጠየቀው ከፊተኛው ብቻ ነው። ስለዚህ ትምህርቱና አጠቃላይ አመራሩ የሽማግሌዎች ነው።

ወንበር ደርዳሪ ማለትም አይደለም። የሐዋርያት ሥራ 6 ሰባቱን ዲያቆን ብሎ ባይጠራቸውም፣ የተሰጣቸው ጉዳይ ጉባኤውን ሊከፍል የደረሰ ነበር፦ ግሪክኛ ተናጋሪ መበለቶች በየዕለቱ እደላ ተዘንግተው ነበር። ሐዋርያት መመዘኛውን አወጡ፣ ሕዝቡ መረጠ፣ ሐዋርያት እጅ ጫኑ። ከዚያ ወዲያ ለእያንዳንዷ መበለት ድርሻ ሐዋርያት ሲፈርሙ አናነብም። ሥራው ከነሥልጣኑ ተላልፏል።

ሒሳብ ያዥ፦
በጭምት ሐሳብ እስማማለሁ፤ ግን ጠቡ የሚነሳው ከድምፅ ይልቅ ከገንዘብ ነው። መባ ቢያንስ ሁለት የማይዛመዱ ሰዎች በዚያው ቀን፣ ከግቢው ሳይወጣ ቆጥረው ይፈርሙበት። የቆጠረ ሰው መዝገብ አይያዝ፤ ይህ ካልተለየ ጉድለት ሲገኝ ንጹሑም ሰው ራሱን ማጥራት ይቸግረዋል።

ለችግረኞች የሚውለው ገንዘብ በዓመት በጀቱ ላይ የራሱ መደብ ይኑረው፣ ጣሪያም ይበጅለት፦ እስከዚህ መጠን ሁለት ዲያቆናት፣ ከዚያ በላይ የዲያቆናት ጉባኤ፣ ከበጀት ካለፈ ሽማግሌዎች ይወስኑ። ጣሪያ ከሌለ ወይ የታመመው ሰው የሽማግሌዎችን ስብሰባ ሲጠብቅ ይከርማል፣ ወይ አንድ ዲያቆን ብቻውን ሰጪና ከልካይ ይሆናል። ሁለተኛው ይብሳል፤ ተረጂው ባለ ውለታ የሚሆነው ለዚያ ሰው ነውና። የዘመዱ ጥያቄ የቀረበበት ዲያቆን ከውሳኔው ይውጣ። ለምዕመናን የሚቀርበው ሪፖርት የተረጂዎችን ብዛትና ጠቅላላ ወጪ እንጂ ስም አይያዝ።

የአገልግሎት ዘመኑን ሦስት ዓመት አድርጉትና በየዓመቱ ሲሶው ይቀየር፤ ሁሉም ባንዴ ከወጡ ማን ምን ይረዳ እንደነበር የሚያውቅ አይቀርም። በዚያው 1ኛ ጢሞቴዎስ 3 ስለ ዲያቆናት «አስቀድሞ ይፈተኑ» የሚለውንም በተግባር አውሉት፦ ስሙ ለምርጫ ሳይቀርብ ስድስት ወር ያህል ከነባሮቹ ጋር ያገልግል። ስለ ድምፁ፣ በጀትና ሕንጻ ሲነሳ ተገኝተው ያስረዱ፣ ድምፅ ግን አይስጡ።

የታሪክ ወዳጅ፦
ነገሩ አዲስ አይደለም። በ325 እ.ኤ.አ. የተደረገው የኒቅያ ጉባኤ በ18ኛው ቀኖናው ዲያቆናት ለቀሳውስት ቁርባን እንዳያቀብሉና በመካከላቸው እንዳይቀመጡ ከልክሏል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ከሌላ ቤተ እምነት ደንብ አንቀጽ አትቅዱ። በኦርቶዶክስና በካቶሊክ ዲቁና ከሦስቱ የክህነት ማዕርጋት አንዱ ነው፤ ዲያቆን በቅዳሴ ይራዳል እንጂ ቁርባኑን አይባርክም። በካቶሊክ ሕግ ቄስ ሳይሆን በዲቁና ለሚቀር ሰው ያላገባ ከሆነ ቢያንስ የ25፣ ያገባ ከሆነ የ35 ዓመት ዕድሜ ከሚስቱ ፈቃድ ጋር ይጠየቃል። የእናንተ በጊዜ የተወሰነ ምርጫ ከዚህ ጋር አይገጥምም።

አርቃቂ፦
እጅግ አመሰግናለሁ። ስለ ሴቶችስ?

ጭምት፦
ሮሜ 16፥1 ፌቤን የክንክራኦስ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ይላታል። 1ኛ ጢሞቴዎስ 3፥11 ላይ ያሉት ግን የዲያቆናት ሚስቶች ናቸው ወይስ ራሳቸው አገልጋዮች የሚለው ያከራክራል፤ አብያተ ክርስቲያናትም ተለያይተውበታል። የፈለጋችሁትን ወስኑ፣ ግን ጻፉት። ደንቡ ዝም ካለ ክርክሩ የሚነሳው የአንዲት እህት ስም በተጠቆመ ዕለት፣ እሷው ፊት ነው።