ያው መኪና፣ ያው መንገድ፤ ቤንዚኑ ግን እኔ ጋ ያልቃል

ሰላም ወገኖች፣ እባካችሁ አንድ ነገር አስረዱኝ። ማኑዋል ቪትዝ አለችን፤ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ሳምንት በሳምንት እየተቀያየርን እንነዳታለን። መንገዳችን አንድ ነው፣ ከአያት ፒያሳ ደርሶ መልስ። እሱ በ20 ሊትር 280 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። እኔ 210 እንኳ አልሞላ። ካንዴላ ተቀየረ፣ የጎማ ነፋስ ተስተካከለ፤ ለውጥ የለም። ለነገሩ እሱም የሚነዳው ያቺኑ መኪና ነው፤ ጥፋቱ የእግሬ ሳይሆን አይቀርም።

ትናንት አጠገቡ ተቀምጬ አየሁት። መገናኛ ጋ መብራቱ ቀይ ሲሆን ገና ከሩቅ እግሩን አነሳ። ፍሬን የነካው መጨረሻ ላይ ነው። እኔ ደግሞ ነዳጅ እየሰጠሁ እደርስና ድንገት ፍሬን እይዛለሁ። ይኼ ገብቶኛል።

ያልገባኝ ቁልቁለቱ ነው። ቤንዚን ልቆጥብ ብዬ ማርሹን አውጥቼ፣ ፍሪ አድርጌ እወርዳለሁ። እሱ ማርሽ ውስጥ እንዳለች እግሩን ብቻ ያነሳል። «ያኔ ኢንጀክተሩ ቤንዚን ወደ ሞተሩ መርጨት ያቆማል፤ ፍሪ ስታደርጊ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ቤንዚን ይጠጣል» ይለኛል። እውነቱን ነው? ዳገት ላይስ በ2 ማርሽ እያስጮህኳት ልውጣ ወይስ ቶሎ 3 ላስገባ? የሞከራችሁት ካላችሁ ንገሩኝ፣ ደሞዜ ማደያ ቀረ።